«መንትዮች ወፎች ናቸው»፦ የኑዌር አባባል፣ የመንጢቅ ስምንቱ አንድነቶችና የ«ሌላ ሎጂክ» ክርክር

ከጋምቤላ ክልል ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የኑዌር ሕዝብ በዓለም የፍልስፍና ጽሑፎች ውስጥ ስሙ ደጋግሞ የሚነሣው በአንዲት አጭር አባባል ምክንያት ነው፤ እርሷም «መንትዮች ወፎች ናቸው» የምትለው ናት። እንግሊዛዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ኤድዋርድ ኢቫንስ-ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው «የኑዌር ሃይማኖት» በተሰኘ መጽሐፉ ይህችን አባባል በሰፊው ከተነተናት ወዲህ ፈላስፎች አንድ ትልቅ ጥያቄ ሲያነሡባት ኖረዋል። ሰው የሆነ ሁሉ የሚያስበው በአንድ ሎጂክ ነውን? ወይስ ሌላው ተቃርኖ የሚለውን ያለ ጭንቀት የሚቀበል፣ የራሱ የሆነ ሌላ ሎጂክ ያለው ሕዝብ አለ? (በዚህ ጽሑፍ የሒጅራ ወይም የዓ.ም. ምልክት የሌላቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ጥያቄ ለመምህራንና ለኢማሞች ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችላል። እኛ ግን በሁለት ምክንያት ቅርብ ነው እንላለን። አንደኛው የዕውቀት ምክንያት ነው፤ ስለ ተቃርኖ ምንነትና ስለ ሸርጦቹ የእስልምና ዑለማዎች ለዘመናት ያጠሩትና ለደረሳ ያስተማሩት ዕውቀት አለ፤ ይህ ዕውቀት በዚህ ክርክር ላይ ሊናገር የሚገባውን ገና አልተናገረም። ሁለተኛው የኑሮ ምክንያት ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት የጋምቤላ ክልል 307,096 ነዋሪዎች የነበሩት ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል ሙስሊሞች ከመቶ አምስት እጅ አይሞሉም ነበር፤ ኑዌሮች ደግሞ ወደ ግማሽ ይጠጉ ነበር። በዚህ ሁኔታ የሚኖር ኢማም የጎረቤቱን ንግግር እንዴት አድርጎ እንደሚሰማ የየዕለት ጉዳዩ ነው። ንግግሩን ቸኩሎ «እርስ በርሱ የሚጣረስ» ካለ ሰውየውን ይበድላል፤ «እነርሱ ሌላ ሎጂክ አላቸው» ብሎ ከተወው ደግሞ፣ እንደምናሳየው፣ በሌላ መንገድ ይበድለዋል።

አቋማችንን ከወዲሁ እንገልጻለን። የኑዌር አባባል ሌላ ሎጂክ የሚጠይቅ አይደለም፤ የሚጠይቀው የመንጢቅ ኪታቦች «ተቃርኖ አለ» ከማለታችን በፊት እንድናጣራ ያዘዙንን ነገር ነው። ከክላሲካዊው ሎጂክ ውጭ የተዘረጉ አማራጭ ሎጂኮች እውነተኛ ቦታ አላቸው፤ ቦታቸው ግን የአንድ ሕዝብ አእምሮ አይደለም።

ቦታውና መጽሐፉ

በ1902 በዳግማዊ አፄ ምኒልክና በብሪታንያ መንግሥት መካከል የተፈረመው ውል የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን ሲያሰምር የኑዌርንና የአኝዋክን ሕዝቦች ለሁለት አገር አካፈላቸው። ያው ውል ለብሪታንያ በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ የመያዝ መብት ሰጠ፤ የዛሬይቱ ጋምቤላ ከተማ ያደገችው ከዚያ ጣቢያ ነው። ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 ነበር፤ ያም «የኑዌር ሃይማኖት» የታተመበት ዓመት ነው።

ኢቫንስ-ፕሪቻርድ ኑዌሮችን ያጠናው ከ1930 እስከ 1936 ባሉት ዓመታት በተለያዩ ጉዞዎች፣ በሱዳን በኩል፣ በዚያን ጊዜው የእንግሊዝና የግብፅ ጥምር አስተዳደር ጥያቄና ወጪ ነው። የመስክ ቆይታው ተደምሮ አንድ ዓመት ያህል ብቻ ነበር። ወደዛሬው የጋምቤላ ምድር የገባው በሌላ ምክንያት ነበር፤ በ1940 እና በ1941 የአኝዋክ ተዋጊዎችን ይዞ በአኮቦና በጊሎ ወንዞች አካባቢ ጣሊያኖችን ተዋግቷል። ስለዚህ መጽሐፉ በቀጥታ የጋምቤላ ኑዌሮች ጥናት ነው ማለት አይቻልም፤ ሆኖም ወሰኑ ያካፈለው አንድ ቋንቋና አንድ ሕዝብ ስለሆነ ጉዳዩ የወዲህም ነው።

መጽሐፉ ስለ ተምሳሌት በሚያትተው ምዕራፍ የሚያቀርበው መረጃ በአጭሩ ይህ ነው። ኑዌሮች መንትዮች አንድ ሰው ናቸው፣ ወፎችም ናቸው ይላሉ። ለመንትዮች የሚወጣው ስም እንደ ጅግራና ቆቅ ካሉ ወፎች ስም የተወሰደ ነው። መንታ የሆነ ሰው የወፍ ሥጋና እንቁላል አይበላም። በሕፃንነቱ የሞተ መንታ አይቀበርም፤ በሸምበቆ ቅርጫት ተደርጎ በዛፍ መንታ ቅርንጫፍ ላይ ይቀመጣል። «ሞተ» አይባልም፤ «በረረ» ይባላል። ይሁን እንጂ መንታው ክንፍና ላባ እንደሌለው፣ ሰው መሆኑንም ከኑዌሮቹ ይልቅ የሚያውቅ የለም።

ክርክሩ ከየት ወዴት ሄደ?

ፈረንሳዊው ሉሲየን ሌቪ-ብሩል በ1910 ባሳተመው መጽሐፉ «ቀደምት» ብሎ የጠራቸው ማኅበረሰቦች ለተቃርኖ ሕግ ግድ የማይሰጥ፣ «ቅድመ-ሎጂካዊ» አስተሳሰብ አላቸው ሲል ጽፎ ነበር። ዋና ማስረጃው ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተመሳሳይ አባባል ነበር፤ የቦሮሮ ሕዝቦች «እኛ ቀይ በቀቀኖች ነን» ይላሉ የሚል። ኢቫንስ-ፕሪቻርድ ከ1932 እስከ 1934 በካይሮ በሚገኘው የግብፅ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሳለ፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ መጽሔት ላይ ይህን አስተሳሰብ የሚተች ጽሑፍ አወጣ። ሌቪ-ብሩልም በ1939 ከማረፉ በፊት በያዛቸው፣ ከሞቱም በኋላ በ1949 በታተሙት ማስታወሻዎቹ «ቅድመ-ሎጂካዊ» የሚለውን ሐሳብ ትቶታል።

ሐሳቡ ግን በዚያ አልሞተም፤ ልብሱን ለውጦ ተመለሰ። በሃያኛው ምዕተ ዓመት የሎጂክ ሊቃውንት ከክላሲካዊው ሎጂክ የሚለዩ ጥብቅ ሥርዓቶችን ከሠሩ በኋላ «ሎጂክ የላቸውም» ማለት ቀርቶ «ሌላ ሎጂክ አላቸው» ማለት ተቻለ። ዴቪድ ኩፐር በ1975 ባወጣው ጽሑፍ እንደ አዛንዴና እንደ ኑዌር ያሉ ሕዝቦች ሊረጋገጡ የማይችሉ አባባሎችን ከእውነትና ከሐሰት ውጭ በሆነ ሦስተኛ እሴት የሚይዝ ሎጂክ እንዳላቸው አድርጎ መረዳት ይቻላል ሲል ተከራከረ። መሪሊ ሳልሞን በ1978 ይህንኑ ጥያቄ የጽሑፏ ርዕስ አድርጋ ሞገተችው። በ1998 ደግሞ ብራዚላዊው የሎጂክ ሊቅ ኒውተን ዳ ኮስታ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የአዛንዴን ጉዳይ ተቃርኖን በሚችሉ ሎጂኮች ዓይን መረመረው። ዛሬ ማንም ጨዋ ጸሐፊ ኑዌሮችን «ቅድመ-ሎጂካዊ» አይላቸውም፤ «የራሳቸው ሎጂክ አላቸው» የሚለው አነጋገር ግን እንደ አክብሮት ተቆጥሮ ይነገራል። ልንመረምር የምንሻው ይህንን አክብሮት ነው።

ለእኛ ታሪክ ይህ ክርክር ባዕድ አይደለም። በአራተኛው የሒጅራ ምዕተ ዓመት በባግዳድ፣ በወዚሩ ኢብኑል ፉራት መጅሊስ፣ የሰዋስው ሊቁ አቡ ሰዒድ አስ-ሲራፊና የመንጢቅ ሊቁ መታ ኢብኑ ዩኑስ ተከራክረዋል፤ ክርክሩን የዘገበልን አቡ ሐያን አት-ተውሒዲ ነው። አስ-ሲራፊ መንጢቅን የግሪኮች ቋንቋ ውጤት አድርጎ በማየት ዐረቡም፣ ሕንዱም፣ ፋርሱም ለምን ይገዛለታል ብሎ ጠየቀ። መታ በበኩሉ አራትና አራት ስምንት መሆኑ በሕዝቦች ሁሉ ዘንድ እኩል ነው ሲል መለሰ። አስ-ሲራፊ የሰው ንግግር ሁሉ እንደ ቁጥር ግልጽ አለመሆኑን ማስታወሱ ትክክል ነበር። ነገር ግን ንግግሩ ግልጽ አለመሆኑ ሎጂኩ ሌላ መሆኑን አያሳይም፤ የሚያሳየው ትርጓሜ እንደሚያስፈልግ ነው። የኑዌር ጉዳይም የሚያርፈው እዚሁ ላይ ነው።

በመንጢቅ ሚዛን

የአሲሩዲን አል-አብሀሪን «ኢሳጉጂ» የቀራ ደረሳ እንደሚያውቀው፣ ሁለት አረፍተ ነገሮች እርስ በርሳቸው ይቃረናሉ (ተናቁድ አለ) የሚባለው አንዱ ያጸደቀውን ሌላው ስላፈረሰ ብቻ አይደለም። በስምንት ነገሮች አንድ መሆናቸው አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት፦ በባለቤቱ፣ በሚነገርለት ነገር፣ በጊዜ፣ በቦታ፣ በአንጻር (ኢዳፋ)፣ በአቅምና በተግባር፣ በከፊልና በሙሉ፣ እንዲሁም በሸርጥ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ንግግሮቹ የተቃረኑ ይመስላሉ እንጂ አልተቃረኑም። የአንጻር አንድነት የተለመደ ምሳሌ የዘይድ ነው፤ ዘይድ አባት ነው፣ ዘይድ አባት አይደለም፤ የመጀመሪያው ለዐምር፣ ሁለተኛው ለበክር ከሆነ ሁለቱም እውነት ናቸው።

አሁን ወደ መንትዮቹ እንመለስ። ኢቫንስ-ፕሪቻርድ የደረሰበት ማብራሪያ ይህ ነው፦ አባባሉ በመንትዮችና በወፎች ሁለትዮሽ መካከል የቆመ አይደለም፤ ሦስተኛ አካል አለበት፤ እርሱም ኑዌሮች ክዎዝ የሚሉት አምላክ ነው። መንትዮች በልደታቸው እንግዳነት የተነሣ የአምላክ ልዩ ሥራ የታየባቸው፣ «የላይ ሰዎች» ናቸው፤ ወፎችም በአየር ላይ በመብረራቸው ወደ ላይ የተጠጉ ናቸው። ስለዚህ መንትዮች ከአምላክ አንጻር ወፎች ናቸው፤ ከሰው አንጻር ሰዎች ናቸው። የመንጢቅ አስተማሪ ይህን ሲያነብ የሚያየው አዲስ ሎጂክ አይደለም፤ ኢዳፋን ነው። ኢቫንስ-ፕሪቻርድ የእኛን ኪታቦች ሳይጠቅስ፣ ከመስክ ተነሥቶ፣ የእኛ ደረሳ ወለል ላይ ተቀምጦ ወደሚማረው ሸርጥ ደረሰ።

ይህ ማብራሪያ አባባሉን ለማዳን ሲባል የተፈጠረ ዘዴ እንዳይመስል፣ ከራሳችን ሸሪዓ አንድ ነገር እናስቀምጥ። በሱረቱን-ኒሳእ (4፡23) ያጠባች ሴት ከእናቶች ተቆጥራ ጋብቻዋ ተከልክሏል። ያጠባችው ልጅ ግን አይወርሳትም፣ እርሷም አትወርሰውም። እንግዲህ ጡት ያጠባች ሴት እናት ናትን? ከጋብቻ ክልከላ አንጻር እናት ናት፤ ከውርስ አንጻር እናት አይደለችም። በሱረቱል አሕዛብ (33፡6) የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባለቤቶች የምእመናን እናቶች መሆናቸው ተነግሯል፤ በሱረቱል ሙጃደላህ (58፡2) ደግሞ ሚስቱን እንደ እናቱ ጀርባ ናት ለሚለው ሰው እናቶች የወለዱ ብቻ መሆናቸው ተነግሯል። ይህን ሰምቶ ሙስሊሞች የተቃርኖን ሕግ የማያውቅ «ሌላ ሎጂክ» አላቸው የሚል እንግዳ ቢመጣ ምን እንለዋለን? አንጻሩን አልጠየቅህም እንለዋለን። አንዱ እናትነት የመውለድ፣ ሌላው የክብርና የጋብቻ ክልከላ ነው። ይህንን ለራሳችን የምንጠይቅ ከሆነ ለኑዌር ጎረቤታችን መንፈጋችን ፍትሕ አይሆንም።

እዚህ ላይ የኩፐር ሐሳብ ድካም ይታያል። ሦስተኛው እሴት የሚሠራው ተናጋሪው አባባሉን እውነትም ሐሰትም ሳይል ሲያቆየው ነው። ኑዌሮች ግን መንትዮች ወፎች ናቸው የሚለውን አላቆዩትም፤ ሕይወታቸውን አስተካክለውበታል። እንቁላል የማይበላ፣ የልጁን አስከሬን ዛፍ ላይ የሚያኖር ሰው ቃሉን አጽንቶ ይዟል እንጂ በእውነትና በሐሰት መካከል አላንጠለጠለውም። ያጠባችውን ሴት ማግባት የተወ ሙስሊም እናትነቷን ተጠራጥሮ አይደለም። ሁክም የተከተለውን አባባል «ያልተወሰነ» ማለት ባለቤቶቹ የሚያደርጉትን አለማየት ነው።

ምሳሌያዊ አነጋገር ነውን?

«ይህ ሁሉ ምን ያስፈልጋል? ዘይድ አንበሳ ነው እንደምንለው ያለ ተሽቢህ ነው» የሚል አንባቢ ይኖራል። ዐብዱል ቃሂር አል-ጁርጃኒ (እ.ሒ. 471 የሞቱት) ስለ ተሽቢህና ስለ መጃዝ ረቂቅ ነገር ያስተማሩን ሊቅ ናቸው፤ በእርሳቸው መንገድ ብንሄድ የመጀመሪያ ጥያቄያችን የመመሳሰያው ገጽ (ወጅሁሽ-ሸበህ) ምንድን ነው የሚል ይሆናል። ዘይድን አንበሳ ያሰኘው ጀግንነት ነው፤ በዘይድ ላይም የአንበሳ ሁክም አይከተልም። መንትዮች ግን በመልክም በመብረርም ወፍን አይመስሉም፤ ነገር ግን ሁክም ይከተላቸዋል። ስለዚህ አባባሉ ከ«ዘይድ አንበሳ ነው» ይልቅ ወደ «ያጠባች እናት ናት» ይቀርባል። ኢቫንስ-ፕሪቻርድ አባባሉን ተራ ምሳሌ ነው ብሎ ላለመተው የወሰደው ጥንቃቄ በዚህ ረገድ የሚመሰገን ነው።

ሁለተኛ ማስረጃ አለ፤ እርሱም የአባባሉ አቅጣጫ ነው። ኑዌሮች በሬ ያጡ እንደሆነ በመሥዋዕት ጊዜ የዱር ኪያር አቅርበው «በሬ» ይሉታል፤ በሬን ግን «ኪያር» አይሉትም። ዝናብ ሲዘንብ «ክዎዝ ነው» ይላሉ፤ «ክዎዝ ዝናብ ነው» ግን አይሉም። ነገሮችን የሚያምታታ አእምሮ አቅጣጫ አይጠብቅም ነበር። የመንጢቅ ተማሪ የሐምልና የዐክስ ትምህርቱን ያስታውስ፤ «ሰው ሁሉ እንስሳ ነው» ስንል «እንስሳ ሁሉ ሰው ነው» ማለታችን አይደለም። ባለቤቱና ተናጋሪው ቦታ ሲለዋወጡ እውነቱ እንደማይጠበቅ የሚያውቅ ተናጋሪ ሎጂክን በአግባቡ የሚጠቀም ተናጋሪ ነው።

ፈረንሳዊው ክሎድ ሌቪ-ስትሮስም በ1962 አንድ ነገር አስተውሏል። ለመንትዮች ስም የሚሆኑት ወፎች ከፍ ብለው የሚበሩት ሳይሆኑ እንደ ጅግራና ቆቅ ያሉ በምድር የሚሄዱት ናቸው። መንትዮች ከላይ የተጠጉ ቢሆኑም ሰዎች ናቸውና በላይና በታች መካከል ያሉ ናቸው፤ ጅግራና ቆቅም ወፎች ሆነው ሳለ ከወፎች ሁሉ ለምድር የቀረቡ ናቸው። ይህ የንጽጽር ቂያስ ነው። ቂያሱን ልንቀበለው ወይም ልንጥለው እንችላለን፤ ቂያስ መሆኑን ግን ልንክድ አንችልም።

የመጽሐፉ ጉድለት

ኢቫንስ-ፕሪቻርድን ስናመሰግን ጉድለቱን ልንሸፍን አይገባም። በመጀመሪያ፣ የአባባሉን ትርጓሜ በአብዛኛው የምንሰማው ከጸሐፊው አንደበት ነው፤ ኑዌሮቹ እርስ በርሳቸው ሲጠያየቁበት፣ አንዱ ሽማግሌ ሌላውን ሲያርም አንሰማም። በሐዲስ ሳይንስ ያደገ አንባቢ ይህን ቶሎ ያስተውላል፤ መትኑ አለ፣ ሰነዱ ግን ቀጭን ነው።

ሁለተኛ፣ ጸሐፊው በ1944 የካቶሊክ እምነት የተቀበለ ሰው ነበር፤ ክዎዝን የሚተረጉምበት የ«መንፈስ» ቃልና ስለ ተምሳሌት የሚናገርበት መንገድ ከክርስቲያን ሥነ መለኮት የተቀዳ መዓዛ አለው። ይህ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ማንም ተርጓሚ ከቤቱ ቃል ይዞ ይመጣል። አንባቢው ግን የቃሉን ምንጭ ማወቅ አለበት፤ እኛም ኢዳፋ የሚለውን ቃል ስናመጣ ከቤታችን ማምጣታችንን እያወቅን ነው።

ሦስተኛና ዋናው፣ መጽሐፉ በ1930ዎቹ የተሰማውን ንግግር ጊዜ እንደማይለውጠው አድርጎ «ኑዌሮች ይላሉ» እያለ ይጽፋል። ዛሬ በጋምቤላ ከኑዌሮች ብዙዎቹ የፕሮቴስታንት ክርስትና ተከታዮች ናቸው። በገበያ ወይም በትምህርት ቤት የምናገኘውን ኑዌር እንደ መጽሐፉ ገጽ መቁጠር ከስምንቱ አንድነቶች አንዱን፣ የጊዜን አንድነት፣ መሳት ነው።

አማራጭ ሎጂኮች እውነተኛ ቦታቸው የት ነው?

እስካሁን ያልነው አማራጭ ሎጂክ የሚባለውን ሁሉ ለማጣጣል አይደለም። ሆላንዳዊው ብራወር በ1908 ማስረጃ ሳይቀርብ «ወይ ይህ ነው፣ ወይ አይደለም» የሚለውን የመካከለኛ አልባነት ሕግ ወሰን በሌላቸው የሒሳብ ጉዳዮች ላይ መጠቀም አያስተማምንም ሲል ተነሣ። ፖላንዳዊው ዉካሼቪች በ1920 ባለሦስት እሴት ሎጂክ ሲዘረጋ፣ ከጀርባው የነበረው ጥያቄ አሪስጣጣሊስ ያነሣው የነገው የባሕር ጦርነት ጥያቄ ነበር፤ ነገ የሚሆነው ዛሬ እውነት ወይም ሐሰት ከሆነ ምርጫ ወዴት ይሄዳል? በዚሁ ጥያቄ ላይ አል-ፋራቢ (እ.ሒ. 339 የሞተው) የአላህን ቀዳሚ ዕውቀት ጨምሮ በሰፊው ጽፏል። ያሽኮቭስኪ በ1948፣ ዳ ኮስታም በ1963 ከአንድ ተቃርኖ ማንኛውም ነገር ይከተላል የሚለውን የክላሲካዊ ሎጂክ ሕግ የማይቀበሉ ሥርዓቶችን ሠሩ።

በራሳችን ቱራስም ቢሆን የመካከለኛ አልባነትን ሕግ በቀጥታ የነካ ክርክር ነበር። የሙዕተዚላው አቡ ሃሺም አል-ጁባኢ (እ.ሒ. 321 የሞተው) «አሕዋል» ብሎ የጠራቸው ሁኔታዎች ያሉም የሌሉም አይባሉም አለ፤ ከአሽዓሪዎች አል-ባቂላኒ፣ በአንድ ወቅትም አል-ጁወይኒ ይህን ሐሳብ ተቀብለዋል። ብዙኃኑ ሙተከሊሞች በመኖርና ባለመኖር መካከል መካከለኛ የለም ብለው ተቃወሙት። የአላህ ባሕርያት እርሱም አይደሉም፣ ከእርሱም ሌላ አይደሉም የሚለው የአሽዓሪዎች አነጋገር ደግሞ ላይ ላዩን ሲታይ ተመሳሳይ ይመስላል፤ አሽዓሪዎቹ ግን «ሌላ» ማለት ተነጥሎ ሊኖር የሚችል ማለት ነው ብለው ቃሉን ስለወሰኑት ሕጉ አልተነካም። ሁለቱን ምሳሌዎች እናነጻጽር። አንዱ ሕጉን ራሱን ይፈትናል፤ ሌላው የቃሉን ትርጉም ያጠራል። ከውጭ የሚሰማ ሰው ግን ሁለቱን መለየት የሚችለው ባለቤቶቹ እንዴት እንደሚከራከሩ ሲሰማ ብቻ ነው።

የፊቅህ መምህራን በየቀኑ የሚያውቁት ሌላ ምሳሌም አለ። ሁለት ደሊሎች የተጋጩበት (ተዓሩድ) ሙፍቲ፣ ከተጋጩ በኋላ «እንግዲያማ የፈለግሁትን ሁሉ መደምደም እችላለሁ» አይልም። ያስታርቃል፣ ያበልጣል፣ መሻር ካለ ያጣራል፤ ካልሆነለት ይቆማል (ተወቁፍ)። ግጭቱን በቦታው ይዞ ሌላውን ሁክም ሳያበላሽ ይሠራል። ኑዌል ቤልናፕ በ1977 የቀረጸው ባለአራት እሴት ሎጂክ ለዚህ ይቀርባል፤ ለአንድ ጉዳይ «አዎን» ተብሎ፣ «አይደለም» ተብሎ፣ ሁለቱም ተብሎ፣ ወይም ምንም ሳይባል ወሬ ሊደርስ እንደሚችል ይቆጥራል። ልብ ማለት ያለብን ግን ዑለማዎቻችን ግጭቱ በሙጅተሂዱ ዘንድ ነው እንጂ በነገሩ እውነት ውስጥ አይደለም ማለታቸውን ነው። እንግዲህ ይህ ሎጂክ የደረሰን መረጃ ሎጂክ ነው፤ የአንድ ሕዝብ ሎጂክ አይደለም። አማራጭ ሎጂክ የሚመረጠው ለጉዳዩ ነው፤ ለሒሳብ፣ ለመጪው ጊዜ፣ ለተጋጨ ወሬ። ለኑዌር አንዱ፣ ለዐማራ ሌላው፣ ለዐረብ ሦስተኛው ተብሎ አይታደልም።

ለመምህሩና ለኢማሙ ምን ይከተላል?

አሜሪካዊው ፈላስፋ ክዋይን እንደተከራከረው፣ ሌላው ሰው ግልጽ ተቃርኖ እንዲናገር አድርጎ የተረጎመ ተርጓሚ ቀድሞ መጠርጠር ያለበት ትርጉሙን ነው። የእኛ ስምንት አንድነቶችም የሚያዝዙት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ የእኛዎቹ ምን ምን መጠየቅ እንዳለብን አንድ በአንድ መዘርዘራቸው ነው።

ለመምህሩ፦ የተናቁድን ባብ ሲያስቀራ ከዘይድ አባትነት ጋር የጡት እናትን፣ ከእርሷም ጋር የጎረቤቱን አባባል ቢያስቀምጥ ደረሳው ሸርጦቹ ለቃል መሽምደጃ ብቻ እንዳልተቀመጡ ይረዳል።

ለኢማሙ፦ መረዳት መቀበል አይደለም። ክዎዝን፣ መሥዋዕትንና መንትዮችን በሚመለከት የተውሒድ ብያኔ የታወቀ ነው፤ ይህ ጽሑፍ አንዳችም አይቀንስበትም። ነገር ግን ብያኔ የሚሰጠው በተባለው ነገር ላይ ነው፤ ባልተባለው ላይ ብያኔ የለም። ከዚህም በላይ፣ «ሌላ ሎጂክ አላቸው» የሚለው ንግግር አክብሮት መስሎ በሩን የሚዘጋ ነው። ሎጂኩ ሌላ ከሆነ ሰው ጋር መስማማትም መለያየትም አይቻልም፤ ማስረጃ ልናቀርብለት፣ እርሱም ሊመልስልን አይችልም። ዳዕዋም ክርክርም ሽምግልናም ቆመ ማለት ነው። ከእኔ ጋር ሊከራከር የሚችል ነው ብሎ ማመን ለሰው የሚሰጥ የመጀመሪያው ክብር ነው።

ይህ በሃይማኖት ንግግር ብቻ አያበቃም። በጋምቤላ በማኅበረሰቦች መካከል የሚነሡ ግጭቶች የሰው ሕይወት አስከፍለዋል፤ የሃይማኖት አባቶችም ለሽምግልና ይጠራሉ። አንዱ ወገን «ይህ የወንዝ ዳር የእኛ ነው» ሲል በየዓመቱ ያርሰው የነበረውን ማለቱ፣ ሌላው «የእኛ ነው» ሲል በበጋ ከብቱን የሚያወርድበትን ማለቱ ሊሆን ይችላል። በጊዜና በአንጻር ከተለያዩ ሁለቱም እውነት ተናግረው ሊሆን ይችላል። አጣርቶም እውነተኛ ግጭት የሚያገኝ ሽማግሌ ይኖራል፤ ስምንቱ አንድነቶች ሁሉን ጠብ አያበርዱም፤ ማሟላታቸው ሲረጋገጥ ጠቡ እውነተኛ መሆኑንም ይነግሩናል። ያን ጊዜም ቢሆን ሽማግሌው የቱ ላይ እንደሚፈርድ ያውቃል።

የቀረው ሥራ የእኛ ነው። «የኑዌር ሃይማኖት» የአንድ እንግዳ የአንድ ዓመት ማዳመጥ ውጤት ነው። በጋምቤላ ከኑዌር፣ ከአኝዋክ፣ ከማጃንግ፣ ከኦፖና ከኮሞ ጎረቤቶቻቸው ጋር ዘመናቸውን ሙሉ የኖሩ፣ ቋንቋውንም የሚያውቁ ሙስሊም መምህራን አሉ። እነዚህ መምህራን አባባሎችን ከነተናጋሪያቸው፣ ከነጊዜያቸውና ከነአንጻራቸው ቢሰበስቡ፣ ሰነዱ የቀጠነውን መትን ሰነድ ይሰጡታል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ በእጃቸው ነው፤ በ«ኢሳጉጂ» የተናቁድ ባብ ላይ ተጽፏል።